ሦስትና አራት አምስት የሆኑበት ቀን

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ «ወላጅ አምጪ» ተብላ ከትምህርት ቤት ተመለሰች። ምን እንዳጠፋች ስጠይቃት «ከመምህሩ ጋር ተከራክሬ ነው» አለችኝ። ልቆጣ አስቤ ሳቄ አመለጠኝ።

እኔም ወረታ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የደረሰብኝ ይኸው ነበር። ክረምቱ ወጥቶም የፎገራ ሜዳ ውኃ እንዳቆረ ስለነበር፣ ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ስመጣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው ጭቃውን የማቋርጠው። ሩዙ አሽቶ ሽታው መንገዱን ሞልቶት ነበር።

የፊዚክስ መምህራችን ታመው የጂኦግራፊው መምህር ተተክተው ገቡ። ሰሌዳው ላይ ሦስት የኤሌክትሪክ ቻርጆች ሣሉ። አንዱን ሁለቱ ይስቡታል፤ ያኛው በሦስት ኒውተን ወደ ምዕራብ፣ ይኸኛው በአራት ኒውተን ወደ ሰሜን። «የተጣራው ኃይል ስንት ነው?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ሰባት ብለው ጻፉ። ተነሥቼ ከጎኑ አምስት ጻፍኩ።

«ሦስትና አራት አምስት ነው?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«አንዱ ወደ ምዕራብ፣ አንዱ ወደ ሰሜን ከሳበ፣ አዎ።»

«አጥፊው!»

«አላጠፋም።»

ወላጅ አምጥቼ ይቅርታ ካልጠየቅኩ እንደምባረር ተነገረኝ።

በማግስቱ አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ኪሱን የሽምብራ ቆሎ ሞልቶ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ሲያስረዱት ደነገጠ። «ምነው ልጄ፣ ሦስትና አራትማ ሰባት ነው እኮ!»

እሱም ከዳኝ! እንባዬ መጣ፤ ግን ወደኋላ አላልኩም።

«አባየ፣ በሬያችን ማጥ የገባ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ እግሩ በረገጠበት ቆሞ ገመድ አልሳበም? ሦስቱ በምዕራብ ወደ ጣና፣ አራቱ በሰሜን ወደ ይፋግ። የሰባት ሰው ጉልበት አገኘ?»

«ኧረ ምኑን! ባንድ ወገን ተሰልፈን እስክንስበው መች ወጣ!» አለ። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። «ጌታው፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቻርጁን ነገር አላውቅም። ይች ልጅ ግን ያላመነችበትን አትናገርም። የሚያውቁት መምህር ድነው እስኪመጡ ክፍሏ ትቀመጥ። ከተሳሳተች እኔው ራሴ ወደ ቤት እወስዳታለሁ።»

ተቀመጥኩ። የፊዚክሱ መምህር ሲመለሱ ሥዕሉን ከደብተሬ አዩና «አምስት ነው» አሉ። የጂኦግራፊው መምህር ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አሁን ሳስበው፣ አባቴ ስለ ቻርጅ አንዳች ሳያውቅ ነበር የቆመልኝ።

«ትክክል ነሽ?» አልኳት የእህቴን ልጅ።

«ነኝ» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

በምን እንደተከራከረች ገና አልነገረችኝም። ነጠላዬን አነሣሁና «ነይ፣ እንሂድ» አልኳት።