የአውራ ጣት ቦታ

ጋሽ ታከለ የበደሉኝ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ቡሬ ላይ ነው። የእኔን ስም ከመጽሐፌ ሽፋን ስላስቀሩት እዚህ የእሳቸውን ከፊት አድርጌዋለሁ። ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ። ቂም ይዣለሁ እንጂ አስተዳደጌን አልረሳሁም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ከእኔ ጋር የምትኖረው የአክስቴ የልጅ ልጅ ባለፈው ክረምት መስኮት ሥር ተቀምጣ ጥፍሯን ቀይ ትቀባ ነበር። የጠርሙሷ ክዳን እንደተከፈተ ያ ሹል ሽታ መጣ። «ክደኚው!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። የእስቴንስል ማረሚያ ሽታ ነበር። እስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። በጽሕፈት መኪና ያለ ሪባን ሲመቱት ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፤ ማባዣው ማሽን ላይ ሲጠመጠም ቀለሙ በቀዳዳው ያልፍና ወረቀት ላይ ያርፋል። የተሳሳተ ፊደል በቀይ ፈሳሽ ይደፈንና እስኪደርቅ እፍ ተብሎ በላዩ እንደገና ይመታል። ያ ፈሳሽ ከጥፍር ቀለም ጋር አንድ ዓይነት ይሸታል።

ጋሽ ታከለ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱ ያስወገደውን የማባዣ ማሽን በጨረታ ገዝተው ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ከፈቱ። በሯ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ጽሑፍዎን ወደ መጽሐፍ እንለውጣለን» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሳንሱር ቀርቷል፣ ማንም የጻፈውን ማሳተም ይችላል የሚባልበት ጊዜ ነው። ለዓመታት ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ደብተር ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። ከጅጋ፣ ከደምበጫ፣ ከገጠሩም ሰው ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። እኔ እናቴ ሞታ አክስቴ ዘንድ ነበር የምኖረው፤ የአክስቴ ቤት ከክፍሏ ጋር አጥር ይጋራል። ከትምህርት ቤት መልስ እየገባሁ ወረቀት እደረድራለሁ፣ በወስፌ እበሳለሁ፣ በሰም በታሸ ክር እሰፋለሁ፣ ከፉርኖ ዱቄት በተፈላ ሙጫ ሽፋን እለጥፋለሁ። እጄ ቀጥ ያለ ስፌት ያወጣ ነበር። ይህንን ራሳቸውም አልካዱም።

ደብተር ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ጽሑፉ አልነበረም። አያ ምናሉ የሚባል የቡሬ ዙሪያ ንብ አርቢ ስለ ንብ የጻፈውን ይዞ የመጣ ዕለት እዚያው ነበርኩ።

«ማን ነው የሚያነበው?» አሉት።

«ሰው ነዋ!»

«ሰው ብዙ ነው። የትኛው ሰው? የት ተቀምጦ?»

«እንደኔ ያለው ነው እንግዲህ። ቀፎው ሥር ተቀምጦ።»

«እጁስ?»

«እጁማ ማር ነው ጋሼ፣ ሌላ ምን ይሆናል?»

«እንግዲያው ፊደሉ ሰፋ ይበል፤ ዳርና ዳሩም ይተው። የያዘበት ዳር ይቆሽሻል እንጂ የሚያነበው አይቆሽሽም።»

አያ ምናሉ ይህን ወደደው። ቀጥሎ ግን ከኪሱ ፎቶ አወጣ፤ ፎቶ ቤት ሄዶ ከረባት ተውሶ የተነሣው ነው። ሽፋኑን ይሙላልኝ አለ።

«በዚህ ማሽን ፎቶ ጥላሸት ሆኖ ነው የሚወጣው» አሉት ጋሽ ታከለ። «ደግሞስ ከረባት ያሰረ ሰው ስለ ንብ ጻፈ ቢባል ማን ያምናል? ቀፎውን እንሳለው።»

«ቀፎው ከእኔ ይበልጣል?»

«ለንቡማ ይበልጣል።»

አያ ምናሉ እስኪያስለው ሳቀ፤ ቀፎውም ተሣለ። ከመሄዱ በፊት እንደማንኛውም ደንበኛ ባዶው መጽሐፍ ተሰጠው። ይህ የጋሽ ታከለ ልማድ ነበር። የመጽሐፉን ያህል ነጭ ወረቀት አጥፈው፣ ሰፍተው፣ አንድም ፊደል ሳይኖርበት ለጸሐፊው ያስይዙታል። «ሳምንት በኪስህ ይዘኸው ዙር። ከከበደህ ለገዢውም ይከብደዋል፤ ያን ጊዜ የምንቀንሰውን ታመጣልኛለህ» ይላሉ። ብዙ ሰው ይናደድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ሩቡን ያህል ሰርዞ ይመለሳል።

ሌላው ልማዳቸው አውራ ጣታቸው ነው። ገጽ ከመምታታቸው በፊት ወረቀቱ ዳር ላይ አውራ ጣታቸውን ያሳርፉና በእርሳስ ያሰምራሉ። «ይቺ የአንባቢው ቦታ ናት፤ ፊደል አይገባባትም» ይሉኛል። በስፌቱ በኩል ደግሞ ሌላ አንድ አውራ ጣት ይተዋሉ፤ ስፌት ገጹን ስለሚበላ ነው። በዚያ ልኬት የተሠራ መጽሐፍ ሲከፈት ዓይን ወደ ውስጥ ገብቶ ቃል አይፈልግም። ይህን ካልተጠነቀቀ ማተሚያ ቤት የወጡ ብዙ መጻሕፍት ኋላ አይቻለሁ። ሳያቸው ጋሽ ታከለ ትዝ ይሉኛል፣ እናደዳለሁም።

እናቴ ደብሬ አልቃሽ ነበረች። ከቡሬ ወዲያ ባለው ገጠር ሰው ሲሞት የሚላከው ወደ እሷ ነው። ስትሞት ግን እሷን የሚያህል አልቃሽ አልተገኘላትም። እኔ የማስታውሰውን ሙሾዋን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ፤ የጠፋኝን ከእሷ ጋር ያለቅሱ የነበሩ ሴቶችን እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ደብተሩን ለጋሽ ታከለ ያሳየኋቸው ፈርቼ ነው። ቆመው ጀመሩት፣ ተቀምጠው ጨረሱት። መነጽራቸውን አውልቀው፣

«የሺዬ፣ ይሄ መጽሐፍ ነው» አሉኝ።

የዚያን ቀን ደስታዬን አልጽፈውም።

ለሁለት ወር አብረን ሠራነው። ሙሾውን እንደ ደብተሬ አጠጋግተው አልመቱትም። ሁለት ስንኝ ይመቱና ክፍት ቦታ ይተዋሉ።

ቀንበሩን አወረድን በሬውን ፈታነው፣
እርሻው መች አለቀ አራሹን አጣነው።

ከዚህ በታች ሦስት መስመር ባዶ ነው። ወረቀት ማባከን መስሎኝ ጠየቅኋቸው።

«እናትሽ ይህን ስትል ቀጥሎ ምን ይሆን ነበር?»

«ሰው ያለቅሳል።»

«ታዲያ ቦታውን ለለቀስተኛው ተይለት እንጂ።»

ባዶው መጽሐፍ ለእኔም ተሰጠኝ። ሳምንት ሙሉ በጉያዬ ይዤው ዞርኩ። ሽፋኑ ላይ በእርሳስ የእናቴን ስም፣ ከሥሩም የእኔን ጻፍኩ። ስመልስላቸው አይተውት ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ቃል አድርጌ ቆጠርኩት።

ሽፋኑ ተባዝቶ ሲደርቅ ያየሁት እንዲህ ይላል፦ «ሙሾ ከቡሬ ዙሪያ። አሰባሳቢ ታከለ።» መግቢያው ላይ «ከአንዲት አልቃሽ የተገኘ» የሚል አለ። አንዲት አልቃሽ።

«የእኔ ስምስ ጋሼ?» አልኩ።

«ሙሾ በስምሽ ወጥቶ የሙሾዋ ልጅ ከተባልሽ ማን ደፍሮ ቤቱ ያስገባሻል? ለአንቺ አስቤ ነው የሺዬ። ነገ ትዳር ትፈልጊያለሽ።»

«የእናቴስ?»

«የእሷ ካለ ያንቺም ይታወቃል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሁለት መቶውንም ቅጂ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስማቸውን በሙጫ እየደባበስኩ ሁለት መቶ ጊዜ ለጠፍኩት። ትዳሩን በተመለከተ፣ አላገባሁም።

መጽሐፉ በጅጋ ገበያና በደምበጫ መናኸሪያ ተሸጠ። እኔ ጋሽ ታከለን ከሰላምታ በቀር ቃል ነሣኋቸው። እሳቸውም ኩርፊያዬን አላጡትም። እንዲህ እያለን ለአክስቴ ዘመድ ለቅሶ ጅጋ ሄድን። አንዲት ሴትዮ ቀንበሩን አወረድን ብላ የእናቴን ሙሾ አወረደችው። ከአጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው «ይቺማ የታከለ ናት፤ መጽሐፉ ቤቴ አለ» አሉ። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ «አይ ታከለ፣ እንዴት ያለ አንደበት ነው!» አለ። እናቴ አፈር ከለበሰች ሦስት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ሁለተኛ ጊዜ ሞተችብኝ።

በሳምንቱ ጋሽ ታከለ ቀለምና ወረቀት ሊገዙ ባሕር ዳር ሄዱ፤ ቁልፉን ሰጡኝ። ያገለገለ እስቴንስል አይጣልም። ቀለሙ በጋዜጣ ተመጦ፣ በየመሐሉ ጋዜጣ ተደርጎለት፣ ለሚቀጥለው እትም ሳጥን ውስጥ ይተኛል። ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ። «ሰም ነውና ፀሐይ እንዳያያቸው» ብለው ያስጠነቀቁኝ እሳቸው ናቸው።

ቀትር ላይ የሙሾውን ጥቅል አውጥቼ ግቢ ውስጥ በወደቀ ቆርቆሮ ላይ ዘረጋሁት። መጋቢት ነበር፤ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። ጥላው ሥር ቆሜ ሰሙ ሲያብለጨልጭ፣ ዳር ዳሩ ሲጠቀለል፣ ወረቀቶቹ ከጋዜጣው ጋር አንድ ሲሆኑ አየሁ። በእጄ ወስፌ ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

ከሁሉ በላይ የነበረው እስቴንስል ግን ለየት አለብኝ። ጋዜጣው አዲስ ነው፤ ወረቀቱ ቀለም ነክቶት አያውቅም። እኔ ያስተኛሁት አልነበረም። አንሥቼ ወደ ሰማይ ያዝኩት። ፀሐይዋ በተበሱት ፊደላት አልፋ መጣች፤ በብርሃን አነበብኩት።

«ሙሾ ከቡሬ ዙሪያ። ሁለተኛ እትም። ከአልቃሿ ከደብሬ ቃል። የሰበሰበችው ልጇ የሺወርቅ።» ከታች በኩል፣ በጠባቡ፣ «ገጹን ታከለ አሰናዳው» ይላል።

ስሜ ላይ ሦስት ቦታ ቀይ ማረሚያ ነበር። ጋሽ ታከለ ፊደል ስተው አያውቁም ነበር፤ ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። ሦስት ጊዜ ስተው፣ ሦስት ጊዜ ደፍነው፣ እፍ ብለው አድርቀው ደግመው መትተውታል። ወረቀቱ እጄ ላይ ለሰለሰ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተደፈኑ፤ ብርሃኑ ቀረ። ወደ ጥላው ሮጥኩ፤ የደረስኩለት አንድም ገጽ የለም።

ሁሉንም አጥፌ ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

ጋሽ ታከለ ከመጡ በኋላ ሳጥኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። በጣታቸው እየዳሰሱ ገጽ ከገጽ ሊለዩ ሞከሩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከመሄዴ በፊት ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ፀሐይ ገብታበት ነው።»

የሳጥኑን ክዳን ያዝኩላቸው።

«የሺዬ፣ ይቅር በይኝ። ተሳስቼ ነበር፤ ስምሽን አስገብቼልሽ ነበር። የእናትሽንም። አሁን ስልሳ ገጽ ደግሜ ልምታ ብል ዓይኔ አይችልልኝም።»

«ምንም አይደል ጋሼ» አልኳቸው። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ክፍሏ ተዘጋች። ዓይናቸው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ በራቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሰው አዲስ መጽሐፍ ሲያመጣላቸው ከፍተው ዳሩን በአውራ ጣታቸው ይለኩና በደንብ ተሠርቷል ወይም አልተሠራም ይላሉ። እኔ ፍኖተ ሰላም በጽሕፈት ሥራ ተቀጠርኩ። ቡሬ ስመለስ ሰላም ልበላቸው ብዬ እሄዳለሁ፤ ልናገርም አስባለሁ፤ የሚይዙኝ እጄን ነው፣ «ይቺ እጅ ቀጥ ያለ ስፌት ታወጣ ነበር» ይላሉ፤ ሳልናገር እመለሳለሁ። ሲሞቱ ለቀብር ሄድኩ። ለእሳቸው የሚሆን የእናቴን ሙሾ አውቅ ነበር። አላወረድኩትም።

የራሴ ቅጂ በዕድሜ ብዛት ጠፍቶብኝ ነበር። ባለፈው ዓመት አያ ምናሉ አርጅቶ፣ በከዘራ እየተመረኮዘ፣ «የእናትሽ ነገር ነው፤ አንቺ ዘንድ ይሁን» ብሎ የእሱን ሰጠኝ። የማን እንደሆነ ለካ ያውቅ ኖሯል። ገጾቹ ዳር ላይ የማር አሻራ አለ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ፊደሉን አንድም ቦታ አልነካውም።

ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ቤት ወስጄ አስተየብኩት። ጸሐፊዋ «ዳሩ በዛ እናቴ፤ ብናጠብበው ሃያ ገጽ ይቀንስልዎታል» አለችኝ። አይነካ አልኳት። ከስንኞቹ በታች ያሉትን ባዶ መስመሮችም አስቆጠርኳት፤ ሦስት ሦስት ናቸው። ሽፋኑ ላይ የእናቴን ስም፣ ከሥሩ የእኔን አስገባች።

«ምስጋና የሚባል ገጽ ይኑረው?» አለች።

«አይኑረው።»

«ገጹን ያሰናዳው ማን ይባል?»

የራሴን ስም አስጻፍኩ።