ዜሮ የወጣለት ሹፌር

መሥሪያ ቤት "ፕሮፌሰር" ይሉታል። ለሹፈት ነው፤ እሱ ግን የምራቸው መስሎት አምሮበት ይዞታል። የአውቶብስ ድርጅት ፕሮግራመር ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ሲራመድ ላየው ግን አውቶብሶቹን ሁሉ አርግዞ የወለዳቸው ይመስላል።

ድርጅቱ አምና አንድ ውድ ሶፍትዌር ገዛ። በሂሳብ አስልቶ ማን በየትኛው ፈረቃ የቱን አውቶብስ ቢነዳ እንደሚሻል የሚያወጣ ነው። ብቻውን ግን ዲዳ ነው፤ የሹፌሮቹን ዝርዝር የሚያቀብለው፣ መልሱንም ተቀብሎ የሥራ ሰሌዳ የሚያደርግለት ይፈልጋል። ያንን ማገናኛ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ፕሮፌሰር ነው። አቤት የዚያን ሰሞን ጉራው! መመሪያውን አንብበው ቢሉት፣ "እሱ ለጀማሪ ነው" ብሎ አረፈው።

አዲሱ ሰሌዳ ሲለጠፍ የሚስቱ አባት፣ ሃያ ስድስት ዓመት መሪ የጨበጡ ሰው፣ አንድም ፈረቃ አልደረሳቸውም። በሁለተኛው ሳምንትም ባዶ። ሥራ አስኪያጁ፣ "ሶፍትዌሩ ካልፈለጋቸው እኛ ምን እናድርጋቸው?" አለና በወሩ መጨረሻ እንዲሰናበቱ ወሰነ። ወይ ጉድ! ጋራዡ ውስጥ በየጠዋቱ አንድ አውቶብስ ሹፌር አጥቶ ይቆማል፤ አጠገቡ አግዳሚ ላይ አንድ ሹፌር አውቶብስ አጥቶ ይቀመጣል። ስምሪት ክፍሉ ተጠባባቂ ሹፌር ይፈልጋል እንጂ፣ ምነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

"እስኪ አንዴ እየው" አለችው ሚስቱ እራት ላይ። "አባዬ ዩኒፎርሙን ተኩሶ ለብሶ እዚያ ተጎልቶ ነው የሚውለው።"

"ሂሳብ እኮ ነው። ዘመድ አያውቅም" አላት አፉን እየጠረገ።

"አንተስ?"

 ያን ማታ አኮረፈችው፤ አራት ቀን ሙሉ አላናገረችውም።

በአምስተኛው ቀን ሶፍትዌሩ ራሱ የሰጠውን መልስ ከፈተ። ለማጣራት እንዳይመስላችሁ፤ አትሞ አፍንጫዋ ሥር ሊያኖርላት ነው። ሶፍትዌሩ ለተመደበ ሰው አንድ፣ ላልተመደበ ዜሮ ይሰጣል። አንዳንዴ ግን አንድ ሊል ሲል ለጥቂት ይጎድልና ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ብሎ ይወጣል። ሕፃን ልጅ እንኳ አንድ መሆኑን ያውቃል። የፕሮፌሰር ማገናኛ ግን ከነጥቡ ወዲያ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። በሚስቱ አባት ስም ትይዩ የቀረው ዜሮው ብቻ ነበር።

ክው አለ። ሶፍትዌሩ ሽማግሌውን መድቧቸዋል፤ ያባረራቸው ፕሮፌሰር ራሱ ነው።

ማገናኛው ቁጥሩን ከመቁረጥ ይልቅ እንዲያጠጋጋ ለማድረግ አንዲት ቃል መለወጥ በቃው። ለሥራ አስኪያጁም "ሲስተሙን አሻሽዬዋለሁ" አለው። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት፣ አላፈረም።

ሰኞ ጠዋት የሚስቱ አባት ባርኔጣቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ቢሮው ድረስ መጡ። ባልደረቦቹ ሁሉ አሉ።

"የኔ ልጅ፣ ከዚያ ማሽን ጋር ተሟግተህ አስመለስከኝ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ" አሉት።

"አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት ምን ይከብዳል? ለሱ ግን ከበደው።

"ኧረ ምንም አይደል አባባ። ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር እንጂ" አለ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እጁን ሊስሙ ሲሉ እንኳ አልሰበሰበውም።