ሥራዬን ከድሮ ፋይል ጋር የቀበሩብኝ ጊዜ

የሠራሁትን ሥራ አልሠራህም ብለው ከፈተና አገዱኝ። ያውም በሰው ፊት። ነገሩ የሆነው አምና በዐቢይ ጾም፣ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ይቅር በለው የሚሉኝ አሉ። ይቅር ብያለሁ፤ እርሳው ብሎ የሚያዝዘኝ ግን የለም።

እኔ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ቤቴ ዓባይ ማዶ፣ ሥራዬ ጣና ዳር። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ የጀልባ ባለቤቶቹ ማኅበር ድንገት ተነሥቶ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ሞተር አይነካም አለ። ወረቀቱን ካላገኘሁ ሌላው ሲጠግን ቆሜ ማየት ሊሆን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ ስልጠና ገባሁ።

ትምህርቱ ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በኢንተርኔት ነው። መምህሩ ማስታወሻውንና ቪዲዮውን እዚያ ላይ ይጭናል። እኛ ደግሞ የሠራነውን ፎቶ አንሥተን፣ እንዴት እንደሠራነው ጽፈን፣ በየሳምንቱ ፎልደር እናስገባለን። ሁሉን ያላሟላ ሰው ፈተና አይቀመጥም።

ለሌላው ቀላል ይሆናል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። ያስተማሩኝ ሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች ባንዱ የሚያገለግሉ የኔታ ናቸው። ጀልባቸውን ስጠግንላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከዋርካው ሥር አስቀምጠው ሀ ሁ ያስቆጥሩኝ ነበር። "ስትጽፍ ከሁሉ አስቀድመህ ዘመኑን ጻፍ" ይሉኛል። "ዘመን የሌለው ጽሑፍ ባለቤቱ ያልታወቀ ከብት ነው።"

ከዚያ ወዲህ ዘመን ሳላስቀድም ጽፌ አላውቅም። የፋይሌንም ስም የማወጣው እንደዚያው ነበር። መጀመሪያ 2017፣ ቀጥሎ ወሩና ቀኑ፣ ከዚያ የሠራሁት ሥራ፤ "ካርቡሬተር ማጽዳት"፣ "የውኃ ፓምፕ መቀየር"። አንዷን መስመር ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደማጠፋና እንደምደግም እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቅዳሜ መምህሩ ክፍል ገብቶ ፎልደሮቹን እንዳስተካከለ ነገረን። የቀድሞ ሰልጣኞች ሥራ ከኛው ጋር ተደባልቆ ተዝረክርኮ ነበር አለ። እውነቱን ነው፣ ተዝረክርኮ ነበር። ከዚያ ያላሟላ ሰው ብሎ ስም ጠራ። የጠራው አንድ ስም ብቻ ነው። የኔን።

"ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አላስገቡም።"

"አስገብቻለሁ" አልሁት።

"ባዶ ነው እኮ። መጫኑ ከከበደዎ ቀድመው ቢነግሩኝ ይሻል ነበር፤ ያልሠሩትን ሠራሁ ከሚሉ።"

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላዬ አንዱ "ስልካቸው ግሪስ ጠጥቶ ይሆናል" አለ። እጄን አየሁት። ግሪስ አለበት። ይኑርበት! የምበላው በሱ ነው።

ነገሩን ያገኘው ሰይድ ነው። ሰይድ ጀልባ ሠሪ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ በምላስ ግን እኩያ የለውም። በዕረፍት ሰዓት ከቀድሞ ሰልጣኞች ሥራ ሊገለብጥ ፈልጎ "ያለፉ ዓመታት" የሚለውን ፎልደር ሲከፍት፣ የኔን ሥራዎች እዚያ ተደርድረው አገኛቸው። ስልኩን ይዞ እየተንከተከተ መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ከተመረቅህ ስምንት ዓመት ሆኖሃል! ምነው ደበቅኸን?"

እሱ ሲስቅ እኔ ገባኝ። መምህሩ ፋይሎቹን በስማቸው ደርድሮ፣ 2017 የሚለውን ሲያይ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦታል። በነሱ 2025 ነበር። ከፍቶ እንኳ ሳያይ ሰብስቦ ከድሮው ጋር ጣለው።

ቢሮው ሄድሁ። ስልኩን አሳየሁት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እሺ ጋሼ፣ ቀላል ነው። ስሙን በአውሮፓ አቆጣጠር ይቀይሩና እንደገና ይጫኑት። ዘግይቶ እንደገባ አድርጌ እይዝልዎታለሁ።"

"አልዘገየሁም።"

"ሲስተሙ የሚሠራው በአውሮፓ ነው።"

"ሲስተሙ መቼ ነካው? ያነሣኸው አንተ ነህ። እስቲ ዞር በልና ግድግዳህን እየው።"

ከጀርባው የደብር ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። 2017 ዓ.ም. ይላል፣ በትልቁ።

"አንተ የምትኖረው በየትኛው ዘመን ነው?" አልሁት።

"ጋሼ፣ የፋይል ስም እኮ ነው።"

"ላንተ የፋይል ስም ነው" ብዬ ወጣሁ።

ሰይድ በሩ ላይ ጠብቆ ክንዴን ያዘኝ። "ቀይረውና ተፈተን እንጂ! በቁጥር የተነሣ እንጀራህን ልታጣ ነው?" ነገሩ ልክ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ከቀየርሁት፣ ዘግይቷል ያሉት ውሸት በገዛ እጄ እውነት ሊሆን ነው። አልቀየርሁም።

ወደ ክፍል ኃላፊዋ ሄድሁ። አንድ ቅዳሜ ስብሰባ ናቸው ይሉኛል፣ ሌላ ቅዳሜ ደግሞ መብራት የለም። ፈተናው እየቀረበ ነው፣ እኔም በራቸው ላይ እቆማለሁ። በመጨረሻ መምህሩን አስጠርተው ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ለካ ፋይሉ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ የገባበትን ቀን ሲስተሙ ራሱ ይይዛል። አንድ በአንድ አዩት።

"ሁሉም በጊዜው ገብቷል" አሉ። "በሉ፣ ወደ ቦታው ይመለስልዎታል። ጨረስን።"

"አልጨረስንም እመቤቴ። አልሠራም የተባልሁት ክፍል ውስጥ ነው። ሠርቷል የሚባለውም እዚያው ነው።"

መምህሩን አዩት። መሬት መሬት ያይ ነበር።

ተያይዘን ወደ ክፍል ገባን። መምህሩ ፊታችን ቆሞ፣ "የጋሼ ሥራ በሰዓቱ ነው የገባው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለ፣ ከንፈሩን እንኳ በቅጡ ሳይከፍት።

ሰይድ ከኋላ "አልተሰማም!" ብሎ ጮኸ።

ደገመው። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ተፈተንሁ፣ አለፍሁ፣ ወረቀቱም እጄ ገባ። አሁን ቀጣዩን ደረጃ እየተማርሁ ነው፤ መምህሩም ያው እሱ ነው። የፋይል ስም በሰልጣኙ ስም ይጀምር የሚል መመሪያ አውጥቷል። ሁሉም ያከብረዋል። እኔ ዛሬም ዘመኑን አስቀድማለሁ፤ እሱም አይነካውም። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም። የሚቆጨኝም የለ።

ነገሩ ያለቀው ቅዳሜ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።