ጋሪ ሰሌዳ የለውም

ከአዳማ ወደ ሶደሬ የሚወርደው አስፋልት በደጄ ያልፋል። ቤቱን ስንሠራ ኮረኮንች ነበር፤ በቀን የሚያልፈውን መኪና በጣት መቁጠር ይቻል ነበር። አሁን ማዶ ለመሻገር ሩብ ሰዓት እቆማለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከጎረቤቴ ጋር አንድ ልማድ ነበረን። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች፣ እኔ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ነን። ፀሐይ በረድ ሲል ከአጥሬ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን መኪናውን እያየን ስለ ነጂው እንፈርድ ነበር። ሰሌዳው ኮድ አራት ከሆነ፣ ቅዳሜ በመንግሥት ነዳጅ ሊዋኝ የሚወርድ ሹም ነው። ነጭ ቪ ኤይት ከሆነ የመሬት ደላላ። ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲመጡ ደግሞ አባቱ የገዛለት ልጅ እንላለን። መስታወቱ ጥቁር ከሆነ እኔ አልቀልድም፤ ስለነዚያ የማምነው የከፋ ነበር።

"ፊቱን እንኳ ሳታዪ እንዴት አወቅሽው?" ትለኛለች እየሳቀች።

"ፊት ማየት አያስፈልግም።"

"አንቺስ ሚካኤልን ብትሆኚ ነፍስን የምትመዝኚው በጎማዋ ነው።"

የማምነውን ልጻፈው። ባለ ጥቁር መስታወቶቹ ሰው ሲገጩ "አሳክማለሁ" ብለው ይጭኑና ከሶደሬ ወዲህ ሜዳ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ ይባል ነበር። እኔም ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። በዓይኑ ያየ ሰው ግን አላገኘሁም፤ ፈልጌም አላውቅ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ እኔ ቀድሜ ተሻገርኩ። ዞር ስል ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ አንድ ባጃጅ ወጥቶ ጎረቤቴን ገጭቶ ጣላት። ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ፈተለከ። ስንቱን ሰሌዳ ሳነብ የኖርኩ ሴት የእሱን አላነበብኩም።

ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ትተነፍስ ነበር፤ ትናገርም ነበር። ደሙ ከጭኗ ነበር የሚመጣው።

መጀመሪያ የደረሰው መስታወቱ የጠቆረ ቪ ኤይት ነበር። ወጣቱ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። አንገቱ ላይ ወፍራም የወርቅ ሐብል፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ። የኋላውን በር ከፍቶ ጎንበስ አለ።

"ሀርሜ፣ እኔ በዚህ በኩል ልያዛቸው፣ እርስዎ ጭንቅላታቸውን ይያዙልኝ" አለኝ። እናቴ ማለቱ ነው።

"አትንካት" አልኩት።

"ደም እየፈሰሳቸው ነው እኮ! ሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ አይሞላም።"

"አትንካት አልኩህ።"

ጎረቤቴ እጄን ጨበጠች። "ተይ፣ ልግባ" አለች። ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት።

"ዝም በይ፣ አትድከሚ" አልኳት።

በዚህ መሀል አንድ ሚኒባስ ቆመና ተሳፋሪዎቹ ወረዱ። ምንም ያላዩ መንገደኞች ናቸው። መኪናውን አዩ፣ ደሙን አዩ፣ በቃቸው።

"እሱ ነው የገጫቸው! ጭኖ ሊሰውራቸው ነው!"

"ቁልፉን ንጠቁት!"

"ሐብሉን አያችሁት? ያገራችን ባለሀብት!"

ወጣቱ ሁለት እጁን አነሳ። "ወላሂ እኔ አይደለሁም! እሳቸውን ጠይቁ፣ አይተዋል!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "እሱ አይደለም" ማለት ነበረብኝ። ካልኩ ይዟት ይሄዳል ብዬ ዝም አልኩ። ድንጋይ ተወርውሮ የጎን መስታወቱን ሰበረው። ያኔ ገብቶ ነዳው። "አመለጠ!" አሉና ሚኒባሳቸው ውስጥ ገብተው እነሱም ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሚወስዳት ጠፋ። ለአምቡላንስ ተደወለ፤ መንገድ ላይ ነው ተባለ። ባጃጆች ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ ቀርቦ "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። የገጨው እስኪገኝ የሚታሰረው ያመጣው ነው" አለኝ። ሐሰት አልነበረም። ቁስለኛ አንስቶ ጣቢያ ያደረ ሰው በሰፈራችን አለ።

በመጨረሻ አሸዋ አራግፎ የሚመለስ ባለጋሪ ቆመ። ሽማግሌ ነው። "ጫኗት" አለ። "ጋሪ ሰሌዳ የለውም፤ እኔን ማን ይጽፈኛል?"

እንጨቱ ላይ ነጠላዬን አነጠፍኩ። ፈረሱ ከሲታ ነበር፤ ዳገቱን በእርምጃ ወጣው። መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉብን አለፉ። ሆስፒታል ስንደርስ እጄን የያዘው እጇ ላልቷል።

ሐኪሙ "ደሟ ነው ያለቀው። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ..." ብሎ ተወው። ጨርሰው አላልኩትም።

ልጇ ባቱ ከተማ አስተማሪ ናት። ከሰዓት በኋላ ደረሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ የሚወስዳት መኪና አልነበረም?"

"አልነበረም" አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ወጣቱ ለቅሶ መጣ። ሐብሉን አውልቆ በእግሩ ነው የገባው። ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ልጇ ወደ እኔ ጠጋ ብላ "የማን ዘመድ ነው?" አለችኝ። እሱም ሰማት። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ጠበቀ።

"መንገደኛ ነው" አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ተነሳ። ለልጇ "አላህ ያጽናሽ" አላት። ለእኔ ጎንበስ ብቻ ብሎ አለፈ። ሲሄድ ከበር ሆኜ አየሁት። መኪናውን ያቆመው ከወፍጮ ቤቱ ኋላ፣ ሰው የማያየው ቦታ ነበር። የጎን መስታወቱ በፕላስተር ታስሯል።

አግዳሚውን አስነስቼዋለሁ። ልጇ በየበዓሉ ትመጣለች። ጉልበቴን ስማ "እርስዎ ባይኖሩ እናቴ ብቻዋን ትሞት ነበር" ትለኛለች። ለፋሲካ ስትመጣ ከመቀመጧ በፊት እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ፋሲካ አለፈ። በአፌ መናገር፣ ጽፌም በእጄ መስጠት ስላቃተኝ፣ እንደማንኛውም አንባቢ ከዚህ ታንብበው።