ያልተጻፈው የወገብ ልክ

እትዬ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንገቷ ላይ ሜትር ሳታንጠለጥል ታይታ አታውቅም፤ እነሱም ምን ያድርጉ፣ ያዩትን ተናገሩ። ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት የካቶሊክ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የዩኒፎርም ሰፊ ናት። ክፍሏ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ናት፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት የእግር ስፌት መኪና፣ በጣቃ በጣቃ የተደረደረ ግራጫ ጨርቅ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከግራጫ ሌላ ቀለም ያለው ነገር ቢኖር ጠመኔው ብቻ ነው።

በየመንፈቁ መጀመሪያ ሳምንት ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ አፋቸውን ዘግተው ይሰለፋሉ። ኮሪደር ላይ ማውራት ክልክል ነው፤ በዚያ ትምህርት ቤት ከሒሳብም ከቋንቋም በፊት የሚማሩት ዝም ማለትን ነው። እሷም ትለካለች፦ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ከጉልበት በታች አራት ጣት። የለካችውን ትልቁ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። መቼም ማንም ጤነኛ ሰው ይጠይቃል፤ ቀሚስ ለመስፋት የተያዘ መዝገብ ወደ ዋናዋ ሲስተር ቢሮ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ይሄዳል። ሲስተር ደረት አታይ፣ ትከሻ አታይ፤ ጣቷን የወገቡ ረድፍ ላይ አድርጋ ወደ ታች ትወርዳለች። ካለፈው መንፈቅ ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ የጨመረች ልጅ ቢሮ ትጠራለች። ቢሮ የተጠራች ልጅ ሻንጣዋን ይዛ በኋላ በር ትወጣለች። በሦስተኛው ቀን አልጋዋ ላይ ሌላ ልጅ ትተኛለች። ለምን እንደሄደች የሚናገር የለም፣ የማያውቅም የለም።

በዚህ መንገድ የሄዱት አራት ናቸው። የአራቱንም ቁጥር የጻፈችው እትዬ ሜትር ራሷ ናት። አትፍረዱባት አልልም፤ ግን አንድ ነገር ስሙ። ከአራቱም በፊት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ በዚያው በር ወጥታ ነበር። ያቺ ልጅ እሷው ነበረች። ያኔ የለካቻት የድሮዋ ሰፊ ናት፤ ቁጥሩን ጽፋ ቀና እንኳ ሳትል «ቀጣይ» ብላ የኋለኛዋን ጠራች። እትዬ ሜትር ሴት ልጅ ወለደች፣ ልጇን እናቷ አሳደገቻት፣ ልጅቷም አያቷን «እማዬ» እያለች እሷን በስሟ እየጠራች አደገች። የድሮዋ ሰፊ ዓይኗ ሲደክም ሲስተሮቹ ሰው አጡና፣ ያባረሯት ልጅ ስፌት መልመዷን ሰምተው ጠሯት። እሷም መጣች። ሰው የተገፋበትን ደጅ አይረሳም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ጭራሽ ሥራ ገባችበት።

አራተኛዋ ልጅ የሄደች ዕለት ግን ክፍሏን ዘግታ ጨርቁ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «አምስተኛ በእጄ አትሄድም» አለች። ማንም አልሰማትም፤ ለራሷ ነበር የተናገረችው።

ቀመር የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀመር ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው። የፊዚክስ አስተማሪዋ ጥያቄ ጽፋ ጠመኔውን ሳታስቀምጥ መልሱ ከወዲህ ይመጣል። የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት፤ እናት የላትም፣ አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ በወር አንዴ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ያያታል። ሲስተሮቹም አስተማሪዎቹም የመጨረሻውን ፈተና አንደኛ እንደምትወጣ ያወራሉ። ፈተናው ሊደርስ ሁለት ወር ነው የቀረው።

በዚያ መንፈቅ ቀመር ተራዋ ደርሶ ቆመች። እትዬ ሜትር ወገቧን ለካች። ሰባ አምስት። ሜትሩን አላምን አለችና ደግማ ለካች። ያለፈውን መንፈቅ ገልጣ አየች፤ ስልሳ ስድስት ነበር።

«ቀሚሴ ጠቦኛል እትዬ» አለች ልጅቷ ዝግ ባለ ድምፅ። «ደግሞ አንዳንዴ እዚህ ጋ —»

«እሺ። ገባኝ። ዝም በይ።»

«አይ፣ ማለቴ —»

«ዝም በይ አልኩሽ እኮ። ለማንም እንዳትናገሪ። ለጓደኛም፣ ለሲስተርም፣ ለግቢው ክሊኒክ ነርስም። እኔ ሰፋ አድርጌ እሰፋልሻለሁ፣ ሹራብሽን ከላይ ትደርቢያለሽ፣ ፈተናሽን ትጨርሻለሽ። የቀረው ለእግዜር ነው።»

ልጅቷ አፍጥጣ አየቻት። «እርስዎ እንዲህ ዓይነት ነገር ያውቃሉ?»

«ከእኔ በላይ ማን ያውቃል።»

«ያልፋል?»

«የማያልፍ ነገር የለም» አለችና ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

ከዚያ እስክሪብቶውን አንስታ ስልሳ ስምንት ብላ ጻፈች። ያለፈውኑ ስልሳ ስድስት ብትደግም፣ በማደግ ላይ ያለች ልጅ እንዴት ምንም አልጨመረችም ብላ ሲስተር ትጠረጥራለች፤ ውሸትም ልክ አለው። መዝገቡ ቢሮ ሄደ፣ የሲስተር ጣት ወረደ፣ ስልሳ ስምንት ላይም አልቆመም። እትዬ ሜትር ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት አልነካም። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያዳነች መሰላት።

እኔ እዚህ ላይ ነው የምናደድባት። ያን ሁሉ ብልሃት ስታወጣ አንዲት ቃል ጠይቃ ቢሆን ምን ነበረበት? ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። እሷ ያየችው የራሷን የአሥራ ስድስት ዓመት ሆድ ነው። ስንት ዓይነት ነገር ሆድ ሊነፋ እንደሚችል ከነጭራሹ አልመጣላትም። ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ግቢ ይጠየቃል? ይለካል፣ ይጻፋል እንጂ አይጠየቅም። ዝም አይነቅዝም ተብሎ ያደገ ሰው ነው።

ስለዚህ ሥራዋን ቀጠለች። ቀሚሱን በጎንና በጎን ፈታ ቁራጭ ጨመረችበት፤ ስፌቱን ላየው ከፋብሪካ የወጣ እንጂ የተቀጠለ አይመስልም። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ እንድትቀር «ቁምጣዋ አልደረሰም» እያለች ለአስተማሪዋ ትዋሻለች። ልጅቷ ምሳዋን እየተወች መነሳት ጀመረች፤ እትዬ ሜትር «እኔም እንዲህ ነበር ያደረገኝ» አለች በሆዷ። ልጅቷ ፊቷ ገረጣ፣ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ መያዝ አመጣች፤ «አምስተኛ ወሯን ይዛለች» አለች እትዬ ሜትር። ሁሉም ነገር ገጠመላት። የተሳሳተ ሰው ምስክር አያጣም።

ዕቅዷም አልቆ ነበር። ፈተናው ሲያበቃ ልጅቷን ወደ ራሷ ቤት ልትወስዳት፣ የቀመርን አባት ራሷ ልታናግረው፣ ሕፃኑን እሷ ልታሳድገው። ልጅቷ ዩኒቨርስቲ ትገባለች። ለአባትየው የምትለውን እንኳ ስፌት መኪናው ላይ ሆና ትለማመደው ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ ጥናት ክፍል ውስጥ ቀመር የፊዚክስ መጽሐፏን እንደ ገለጠች ከወንበሯ ወደቀች። አስታወካት። ክሊኒክ ወሰዷት፤ ነርሷ ሹራቧን ገልጣ ሆዷን ስትነካው አማተበች። ዋናዋ ሲስተር ተጠራች። እሷም ያሰበችው ያንኑ ነው። ስልክ አነሳችና በመጀመሪያ የደወለችው ለአምቡላንስ አልነበረም፤ አባትየው ጋ ነበር። እሱ መንገድ ላይ ነበርና እስኪያነሳ አንድ ሰዓት ሄደ። በዚያ አንድ ሰዓት ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ተኝታ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ዝም በይ የተባለችውን አልረሳችም።

ሆስፒታል ስትደርስ ቀጥታ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ልጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከማህፀኗ ግራና ቀኝ ባሉት የእንቁላል ማመንጫዎቿ ላይ ዕጢ በቅሎ፣ የአንደኛው ግንድ ተጠምዝዞ ውስጧን መርዞት ነበር። ነፍሷን አተረፉላት። ማመንጫዎቿን ግን ማትረፍ አልቻሉም። ከእንግዲህ አትወልድም አሉ።

ዋናዋ ሲስተር እትዬ ሜትርን ቢሮ አስጠራቻት። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ስልሳ ስምንት ይላል» አለች ሲስተር።

«ሰባ አምስት ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። «ሐኪሙ ከስድስት ሳምንት በፊት ብትመጣ ዕጢውን ብቻ አውጥተን ሌላውን እናተርፍላት ነበር አለኝ። አንቺ ያን ቀን እውነቱን ብትጽፊ ኖሮ —»

«ብጽፈው ሐኪም ጋ ይልኳት ነበር ሲስተር?» አለች። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሲስተርን አቋርጣት አታውቅም።

ሲስተር ወደ ውጭ ተመለከተች። በመስኮቱ ልጆቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው ወደ ክፍል ሲገቡ ይታያል። «አይ» አለች በመጨረሻ። «ሻንጣዋን ነበር የማስይዛት።» ከዚያ መዝገቡን ዘጋችና «ሥራሽን ቀጥይ» አለቻት። ብታባርራት ይሻላት ነበር። የተቀጣ ሰው ቢያንስ ዕዳውን ከፈልኩ ይላል፤ እሷ ያንንም አላገኘችም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች። አባትየው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ ሲያያት ብድግ አለ።

«እርስዎ ነዎት ልብስ የሚሰፉት? ልጄ ስለ እርስዎ ሳትነግረኝ ቀርታ አታውቅም። እንደ እናት ነው የምታየኝ ትላለች። እግዜር ይስጥልኝ።» ሁለት እጇን ጨብጦ ጎንበስ አለ። እትዬ ሜትር መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያን ሁሉ ስትለማመደው የከረመችው ንግግር ለዚህ የተዘጋጀ አልነበረም።

ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታለች። ፊቷ አንሷል። እትዬ ሜትር አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ነግረውኛል» አለች ቀመር ቀድማ። «ሁሉንም ነግረውኛል። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ እትዬ። እርስዎ ምን መስሎዎት ነበር?»

ለማሳመር ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ያረገዝሽ መስሎኝ ነበር።»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ስፌቱ ሲይዛት ሆዷን ጨብጣ ተወችው። «እኔ እኮ» አለች፣ «እርስዎ በሽታውን ያወቁት መስሎኝ ነው። ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ሲሉኝ፣ ያልፋል ሲሉኝ፣ አመንኩዎት። ብዙ ልጅ የሚይዘው የሚያሳፍር ነገር ነው፣ አይወራም፣ ይተዋል ብዬ አሰብኩ። ሲብስብኝ ስንቴ ነርሷ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ መሰለዎት። እትዬ ይቆጡኛል ብዬ።»

እትዬ ሜትር እንባዋ ወረደ። ይቅር በይኝ ልትል አስባ ነበር የመጣችው፤ ግን ይቅርታ ለዚህ የሚበቃ አልመሰላትም። ነርስ ገብታ ጉሉኮሱን አይታ ወጣች። እትዬ ሜትር በለካቻት ዕለት መጠየቅ የነበረባትን ጠየቀች።

«ያምሻል?» አለቻት።

«አሁንማ አወጡት» አለች ቀመር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እያዞረች። «ያኔ ነበር የሚያመኝ።»