የዓርብን ጀንበር ስናባርር

ቡርንስቪል፣ ጎህ ሲቀድ

የመኪናዬን መስታወት በረዶ እየፋቅሁ ነው። ሰው ከሞቀ አልጋው ተነስቶ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ለምን ይገባል? ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ደሴ ነው ያስገባኝ። «እህቴ ከሃይፋ ትመጣለች። እኔ ሺፍት አለብኝ፤ ከኤርፖርት ፒክ አድርግልኝ» አለ።

ደሴ ቤተ እስራኤል ነው። አባቱ በእርጅና ደክመው ሴንት ሉዊስ ፓርክ እሱ ቤት ይኖራሉ። ቄስ ናቸው፤ ያውም የድሮ ቄስ፣ የሌላ እምነት ሰው የማይነኩ። ዓርብ ማታ ከማዕድ በፊት ልጆቻቸውን ይመርቃሉ። እህቱ ትርንጎ ያን ምርቃት ካገኘች ዓመታት አልፈዋል፤ እሑድ ደግሞ ተመላሽ ናት። በሚቀጥለው ዓመት አባቷን ማግኘቷን ማን ያውቃል?

«ጀንበር ሳትጠልቅ አድርሳት» አለኝ ደሴ። «ከጠለቀች በኋላ በመኪና ከመጣች ሰንበት ሽራለችና ፊታቸውን ያዞሩባታል።»

ኤርፖርቱ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ነው። ሳይረፍድ አድርሻት ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ አልሁ። ምስኪን እኔ!

አየር ማረፊያ፣ ረፋድ

አውሮፕላኑ ዘገየ። እንደገና ዘገየ። በመጨረሻ ሲወጡ ሁለት ሆነው ወጡ። ስለ ሁለተኛዋ የነገረኝ የለም።

ትርንጎ አጠር ያለች፣ ንግግሯ የሚሮጥ ነርስ ናት። ሌላዋ ሰሚራ ትባላለች፤ ሒጃብ የለበሰች መለሎ አረብ ናት። ሃይፋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ክፍል ይሠራሉ። ሰሚራ ከሐበሻ ሽማግሌ በሽተኞች የቃረመችው አማርኛ አላት፤ ሁሉም የበሽተኛ አልጋ አማርኛ ነው። እጄን ጨብጣ ፊቴን አየችና «ያማል? የት ጋ?» አለችኝ።

«መዘግየታችሁ ጋ» አልኋት። ትርንጎ ስትተረጉምላት ሁለቱም ሳቁብኝ።

መኪናው ውስጥ ሬዲዮው ስለዚያ አገር ጦርነት ማውራት ሲጀምር፣ ከኋላ የተቀመጠችው ሰሚራ ሳትቀር ሁለቱም እኩል ወደ ማጥፊያው እጃቸውን ዘረጉ።

«በዚህ አንስማማም» አለች ትርንጎ። «ተኳርፈን ሳምንት ሙሉ የማንነጋገርበት ጊዜ አለ።»

«ተኳርፋችሁ እንዴት ትሠራላችሁ?»

«በረመዳን እኔ እገባላታለሁ፤ በፋሲካ እሷ ትገባልኛለች። ኩርፊያ ሌላ፣ ፈረቃ ሌላ።»

ሴንት ፖል፣ ቀትር

ሰሚራ ጁምዓ ልትሰግድ ነው። ይሁን። ግን ጀንበሯ ማንንም አትጠብቅም። «አንቺን አባትሽ ጋ ድሮፕ ላድርግሽ፤ ለእሷ እመለሳለሁ» አልኋት ለትርንጎ።

«በማታውቀው አገር ጥያት ልሂድ?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

የወሎ ልጆች ከሚሰግዱበት መስጊድ ደጃፍ ቆመን ጠበቅን። ስብከቱ አላልቅ አለ። ዓርብ ስለሆነ እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ሆዴ ይጮኻል። አንደኛዋ ሰንበት አላት፣ አንደኛዋ ሶላት፣ እኔ ጾም፤ የማያምነው መኪናው ብቻ ነው፣ እሱም ነዳጅ ጠየቀ።

ሮዝቪል፣ ከሰዓት በኋላ

አሁን ደግሞ ጫማ! ሁለቱም በስስ ጫማ ነው የመጡት፤ የበረዶ ቦት ካልገዛን አሉ።

«ከመኪና ወደ በር ነው የምትራመዱት! ቦት ምን ይሠራላችኋል?»

ትርንጎ ቀና ብላ ሰማዩን አየችና «ካልደረስንስ?» አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። እንድትቸኩል ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ሐይዌይ 394፣ ወደ ማምሻው

ፊት ለፊት መኪኖች ተጋጭተው ሐይዌዩ ተዘግቷል። ጀንበሯ ዓይኔን እየወጋች ቁልቁል ትወርዳለች። ጥሩምባ ነፋሁ፣ መሪውን በቡጢ መታሁ፣ መንገድ ሠሪውንም የፈጠረውንም ረገምሁ።

«ተንፍስ» አለች ሰሚራ ከኋላ። «ሳብ። ቀስ ብለህ አውጣ።»

ከሐይዌዩ መውጫ፣ ኤግዚቱ ላይ ስንደርስ ትርንጎ «እዚህ አውርደኝ» አለች።

«አብደሻል? በዚህ ብርድ?»

«አውርደኝ፣ ወንድሜ።»

ጀንበሯ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ጸጥ ያለ መንገድ ላይ አቆምሁ። ትርንጎ ባዶ እጇን ወረደች፤ በሰንበት ዕቃ አይያዝምና ስልኳን እንኳ አልያዘችም። ሰሚራ የሞቀ መኪና ውስጥ መቀመጥ ትችል ነበር፤ ምንም ሳትባል ተከትላት ወረደች።

የአደጋ መብራቴን እያብለጨለጭሁ ከኋላ እነዳለሁ። ጨለመ። ሰሚራ በስልኳ የትርንጎን እግር ሥር ታበራለች። መንገድ ማቋረጫ ሲደርሱ ትርንጎ ቆማ ትጠብቃለች፤ የእግረኛ መብራቱን ቁልፍ የምትጫነው ሰሚራ ናት።

መስኮት አውርጄ «ጫኚልኝ ብትያት ምን አለ? አንቺ ከቆምሽ በኋላ ነው የምታየው!» ብዬ ጮህሁ።

«በሰንበት ማዘዝ አይፈቀድልኝም» አለች ትርንጎ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ለእሷ ደግሞ መንገር አያስፈልግም።»

ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ከመሸ

ደሴ በሩን ከፈተልን። ማዕዱ አልተነካም። ቄሱ ከወንበራቸው ሳይነሱ «በምን መጣሽ?» አሉ።

ትርንጎ በረዶው ያልቀለጠበትን ቦቷን አሳየቻቸው። «በእግሬ፣ አባ።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። ትርንጎ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«ይህችስ?»

«ሰሚራ ናት፤ አብራኝ ተራመደች። አረብ ናት፣ አባ።»

ቄሱ የሰሚራን ቦት አዩ። ከዚያ «ቅረቢ» አሉና ያንኑ እጅ ሒጃቧ ላይ አኖሩ። ሰሚራ ሌላኛውን እጃቸውን ይዛ ያላትን አማርኛ አወጣች፦ «ያማል? የት ጋ?»

«አሁን አያምም፣ ልጄ» አሉ።

ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ጫማዬን አዩ። ደረቅ ነው። ወንበር ጠቆሙኝ።

ቀኑን ሙሉ የነዳሁት እኔ! ኩርፊያዬን ይዤ ተቀመጥሁ። ዶሮው በየተራ ሲዞር ደሴ እኔን ዘልሎ አሳለፈውና ምስር ወጡን ፊቴ አስቀመጠ። ዓርብ እንደምጾም አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም።