የሀሻብ ንፍሮ

አንድ ሙሉ ጫካ በአንድ ድስት ቀቅዬ ገድያለሁ። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። ከገላባት እስከ ኒው ሀልፋ “ሙሉጌታ ያወራው ነው” ከተባለ ሰው ግማሹን ጥሎ ነው የሚሰማው። ይህችን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አውርቻት አላውቅም። እኔ፣ የጎረቤት ድመት ስትወልድ እንኳ ገዳሪፍ ገበያ ላይ ቆሜ የምለፍፍ ሰው፣ ይህችን አንዷን ዋጥኳት። ዋጥኳትና አልወርድ አለችኝ።

ሥራዬ የውሃ ሞተር ጥገና ነው። ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት በሳሙና ካርቶን ላይ ነው፤ ሞተር የተማርኩትም ፈትቼ መግጠም ሲያቅተኝ ነው። የሞተ ሞተር ቀልድ ብነግረው ይነሳል እያልኩ እፎክራለሁ፤ አንዳንዱም እውነት ይነሳል።

ለተብርሃን የምትባል ሴት ሁመራ አስተማሪ ነበረች። በጦርነቱ ድንበር ተሻግራ እኛ አጠገብ ያለው ካምፕ ገባች። ያኔ በዙሪያችን ሀሻብ የሚባለው፣ ሙጫ የሚሰጠው የዚህ አገር ዛፍ፣ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ማን ጨረሰው? እኛው ነን። ስደተኛውም፣ የአገሩም ሰው፣ ከሰል የፈለገ ሁሉ። እሷ ናት “ያቃጠልነውን እንመልስ” ብላ የተነሳችው። ሴቶቹን ከካምፕ፣ ባለሱቁን ሐጂ ኑሩን ከከተማ፣ እኔን ከጋራዤ ጎትታ አንድ ላይ አደረገችን። ሼህ እድሪስ የሚባሉ የአገሩ ገበሬ ከማሽላቸው ጎን መሬት ሰጡን። መሬት ተርፏቸው አይደለም፤ እሷን አምነው ነው።

ሴቶቹ በጋውን ሙሉ ከቀሩት ሽማግሌ ዛፎች ስር፣ ፍየል ሳይቀድማቸው፣ ዘር ለቀሙ። ከዚያ ዘሩ ወደ እኔ መጣ፤ ትልቅ ድስት ያለኝ እኔ ነኛ።

የሀሻብ ዘር ቆዳው ጠንካራ ነው። ውሃ ታፈላለህ፣ ከእሳት ታወርዳለህ፣ በረድ ሲል ዘሩን ትነክርበታለህ። ለተብርሃን ይህን ስትነግረኝ እኔ ከደንበኛ ጋር እየቀለድኩ ነበር።

“ሰማኸኝ ሓወይ?” አለችኝ። ወንድሜ ማለቷ ነው።

“መምህርት፣ ብረት የማቀልጥ ሰው ውሃ ማፍላት ይጠፋኛል?”

ጠፋኝ። ዘሩን ከነውሃው ጣድኩት። ቁረይሻ መንደር ስለጠፋ አንድ ግመል ማውራት ጀመርኩ፣ ወሬው ጣመ፣ ትዝ ሲለኝ ድስቱ ይንተከተካል። አንዷን ፍሬ በጣቴ ስጫናት ፈረሰች። ንፍሮ ሆናለች። የቀረው ጨው ብቻ ነው።

ሮጬ ሄጄ “አበላሸሁት” ብላት ምን እሆን ነበር? ምንም። እሷ ትቆጣኝ ነበር፣ ሴቶቹ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ሰው ማሳቅ እንጂ ሲሳቅብኝ አልችልም። ምክንያቴ ይኸው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ባገኝ ብዬ ስንት ዓመት ፈለግሁ፣ የለም።

በዚያው ሰሞን ለጥገና ኒው ሀልፋ ተጠራሁ። እዚያ ሚስኪት የሚባል ከውጭ የመጣ እሾህ አለ። ቦይ ይዘጋል፣ እርሻ ይበላል፣ ብትቆርጠው ከሥሩ ይመለሳል። ፍየል ፍሬውን በልታ በበጠጧ አገር ለአገር ትዘራዋለች። ቡቃያው ደግሞ ላላስተዋለ ሰው የሀሻብ እህት ነው የሚመስለው። ሳታውቅ ነው ያደረግከው ትሉኝ ይሆናል። አውቅ ነበር። በቀቀልኩት ፋንታ ከፍየል በረት የሚስኪት ዘር የለቀምኩት እኔ ነኝ። “መዝራቱን ለእኔ ተዉት” ብዬ የችግኙን ፕላስቲክ አንድ በአንድ የሞላሁትም እኔ ነኝ። የሀሻብ ዘር አፈላልጌ በኋላ እተካዋለሁ አልኩ ለራሴ። ለራሴም እዋሻለሁ እንዴ? እዋሻለሁ።

ቶሎ በቀለ። ሼህ እድሪስ እጄን መረቁልኝ፤ እኔም ምርቃቱን “አሜን” ብዬ ተቀበልኩ። ክረምቱ ሲገባ ተተከለ። ከዚያ ወዲያ እሾሁ እንዳያጋልጠኝ ፈራሁ። የሀሻብ እሾህ ሦስት ነው፣ እንደ ድመት ጥፍር የታጠፈ። የሚስኪት ሁለት ነው፣ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ። ችግኝ የምጎበኝ መስዬ እየዞርኩ መርፌዎቹን በፒንሳ እቆርጥ ነበር። ሞተር ጠጋኙ እሾህ ላጭ ሆንኩ። እኔ ስላጭ ከኋላዬ ይበቅላል።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ የኒው ሀልፋ የትራክተር ሹፌር በዚያ ሲያልፍ ወረደና ቅርንጫፍ ያዘ። “አንቱ ሼህ፣ ይህን ሚስኪት ማን ተከለብዎ?” አለ።

ሁሉም ተሰበሰበ። ሚስኪቱ ማሽላው ውስጥ መግባት ጀምሯል። ሼህ እድሪስ መሬታቸውን ያያሉ። ለተብርሃን ወደ እኔ ዞረች።

“የሰጠሁህን ዘር ነው የዘራኸው?”

“የሰጠሽኝን ነው” አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ፈራሁ። “ምን ታድርግ፣ አስተማሪ ናት፤ ዛፍ የምታውቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ነው” አልኩ። ሳቁ። ሐጂ ኑሩ ሳቁ፣ ሹፌሩ ሳቀ፣ አብረዋት በጋውን ሙሉ ዘር ከለቀሙት ሴቶች መሃል እንኳ የሳቀች ነበረች። በቃ፣ ጥፋቱ የእሷ ሆነ። በአንድ ቀልድ። ስንት ቀልድ ቀልጃለሁ፣ እንደዚያ የሰመረልኝ የለም።

እሷ በማግስቱ ዶማ ይዛ መጥታ ሚስኪቱን ከሥሩ መንቀል ጀመረች። እኔም ሄድኩ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው ሐጂ ኑሩ? “ሙሉጌታን እዩት፣ በሰው ጥፋት ሲለፋ!” እኔ ይህን ሰምቼ መቆፈሬን ቀጠልኩ። እሷም አጠገቤ ሆና ሰማች። “ሥር አታስቀር፣ ይመለሳል” ብቻ አለችኝ። ሓወይ አላለችኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ ብላኝ አታውቅም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ቀሩባት፣ በመጨረሻ እሷም አካባቢውን ለቃ ሄደች።

አሁን ሾዋክ በሚባል ሌላ ከተማ ነው ያለችው። እንደገና ሀሻብ ልትተክል መሬት ለምናለች። የሾዋክ ሽማግሌዎች “የሚስኪቷ ሴትዮ አይደለችም ወይ?” ብለው ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሰው ላኩ። ሐጂ ደግሞ ጋራዤ መጡና፣ “አንተ አብረሃት ሠርተሃል፣ ምን ልበላቸው?” አሉኝ። አፌ ለቀልድ ተከፈተ። ቀልድ አልወጣ አለኝ። “ነገ እነግርዎታለሁ” አልኳቸው።

የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ዘሩን የቀቀልኩት እኔ፣ ሚስኪት ያመጣሁት እኔ፣ “የሰጠሽኝን ነው” ያልኩት እኔ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ሰጪዋ እሷ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። እሷም ብትከለክለኝ አልፈርድባትም።

አሁንም ሙሉጌታ ያወራው ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ነገ ሳይመጣ ሂዱ። ሼህ እድሪስን ጠይቁ፣ ሐጂ ኑሩን ጠይቁ፣ ሴቶቹን ጠይቁ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ያጠፋችው ለተብርሃን ናት ይሏችኋል። ይምሉላችኋል። ያን ጊዜ፣ ማን እንደነገራቸው ጠይቋቸው።